ላሞቹን ማንቃት

ማክሰኞና ዓርብ ውሃ የሚመጣባቸው ቀናት ስለሆኑ በእነዚህ ቀናት ቀደም ብላ ትነሳለች። ቧንቧው መጀመሪያ ያስላል፤ ቀጥሎ ዝገት የቀላቀለ ውሃ ይተፋል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይጠራል። የጠራውን በሰማያዊዎቹ ጀሪካኖች፣ ያልጠራውን ለመጸዳጃ ቤት በተመደበው በርሜል ትሞላለች። ቤቱ ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ መተላለፊያ ነው። እሷና አማቷ በአንደኛው ክፍል ይተኛሉ፤ ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ቀድሞ የባሏ የጥናት ክፍል በነበረው ውስጥ ይተኛል። መጻሕፍቱ በካርቶን ታሽገው ከአልጋው ሥር ገብተዋል። አልገባ ያሉት ሁለት ካርቶኖች መተላለፊያው ላይ ስለቀሩ፣ ጀሪካን የያዘ ሰው ጎኑን አዙሮ ነው የሚያልፈው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሁሉም ጎናቸውን እያዞሩ አልፈዋል። ካርቶኖቹን እናንሳቸው ያለ ግን የለም።

አማቷ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ሁሉን ነገር በጆሯቸው ይከታተላሉ። ገና ከአልጋቸው ሳይወርዱ ነው ወሬ የሚጀምሩት።

«ዛሬም ቀይ ነው ውሃው?»

«ጠርቷል እማማ።»

«ለኔ ብለሽ ነው። ድምፁ ቀይ ነው።»

ሻይ አፈላች፣ ዳቦ ቆረሰች። አምስት ብር የነበረው ዳቦ ስድስት ገብቷል፤ ስድስት የገባው ደግሞ ከአምስቱ ያንሳል። ሸሚዟን ለመተኮስ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አነጠፈች፣ ካውያውን ሰካች፣ የውሃ መርጫውን ለማንሳት እጇን ወደ መደርደሪያው ስትሰድ የለም። አረንጓዴ፣ ፀጉር አስተካካዮች የሚይዙት ዓይነት መርጫ ነው። በዚህ ዓመት ብቻ ስትገዛው ሦስተኛዋ ነው፣ ሁለቱም እንዲሁ ነበር የጠፉት።

«መርጫውን ያየ አለ?»

«ሌባ ገብቶ መርጫ ብቻ ይዞ ወጣ በይኛ» አሉ አማቷ። «ቴሌቪዥናችንን አይቶ ንቆት ይሆናል።»

ዋርሳዋ መተላለፊያው ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እየቦረሸ ነበር። ሳቀ። አስጎብኚ ነው፤ ጓደኞቹ መለከት ይሉታል፣ ድምፁ ያለ ማጉያ የሚያስጎበኝበትን ገደል ስለሚያስተጋባው። የቤት ኪራዩንና የእናቱን የዓይን ጠብታ የሚከፍለው እሱ ነው፤ የእሷ ደመወዝ ከአስቤዛና ከመብራት አያልፍም። «አይጥ ትሆናለች እትዬ» አለ ቀና ሳይል። «የዘንድሮ አይጥ እኮ ልብስ ትተኩሳለች።» እሷም ፈገግ አለች፣ ጣቶቿን ብርጭቆ ውስጥ እየነከረች ሸሚዙን ረጨችው፣ ተኮሰችው፣ ለበሰችው። ሲወጡ እሱ ወደ ግራ፣ እሷ ወደ ቀኝ ሄዱ።

የምትሠራበት የቅርስና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ምድር ቤቱ ላይ የሽንት ቤት መቀመጫና የወለል ንጣፍ የሚሸጥበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ከተበላሸ ቆይቷል። የእሷ ክፍል ከኃላፊው ክፍል የሚለየው በአንድ ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው፤ ወዲያ ማዶ ወንበር ሲንቀሳቀስ ወዲህ ማዶ የእርሳስ ማስቀመጫው ይንቀጠቀጣል። ሥራዋ ጽሑፍ ማቃናት ነው። የጽሕፈት ቤቱ ዘገባ፣ የጎብኚዎች መግለጫ፣ የሰሌዳ ጽሑፍ፣ ሁሉም በእሷ እጅ አልፎ ነው የሚወጣው። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ሥነ ጽሑፍ ነበር፤ የተማረችውን የምትጠቀምበት ነጠላ ሰረዝ ላይ ነው ትላለች፣ ስትቀልድ።

በከተማዋ ዳር፣ የመጨረሻዎቹ ቤቶች ጀርባቸውን የሰጡት አንድ ገደል አለ። ከገደሉ ሥር፣ ድንጋዩ እንደ ቤት ክፈፍ ወደ ውጭ በወጣበት ግድግዳ ላይ፣ የዛሬ ስንት ሺህ ዓመት የነበሩ ሰዎች በቀይ አፈር የሣሏቸው ላሞች አሉ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ልጆች ኳስ ያነጥሩባቸው ነበር። ባሏ፣ የሥነ ምድር መምህሩ፣ አንድ በአንድ እየለካና ፎቶ እያነሳ መዘገባቸው፣ ኳሱን አስቆመ፣ ሰው ድንጋዩን እንዳይነካው የእንጨት መተላለፊያ አዘረጋ፣ በአንድ ጊዜ ከአሥር ሰው በላይ አይግባ የሚለውን ደንብ አስወሰነ። ሥዕሎቹ የመጡት ከተማዋን ሊያበሉ አይደለም ይል ነበር፤ ከሆነላችሁ ግን ቀስ ብላችሁ ብሉ። አሁን በውጭ እርዳታ «ዘላቂ ቱሪዝም» የሚባል ፕሮጀክት መጥቷል፣ ከገደሉ በታች የጎብኚዎች ማዕከል እየተሠራ ነው፣ ማዕከሉ በእሱ ስም እንዲጠራም ከተወሰነ ሰንብቷል። ያለፈው ወር ግን እርዳታ ሰጪዎቹ የላኩት የድንጋይ ጥበቃ ባለሙያ መጥቶ፣ በላሞቹ ላይ ነጭ ነገር እንደ ዓይን ሞራ እየተጋረደ መሆኑን አየ። ጨው ነው አለ። ግድግዳው ውሃ በነካው ቁጥር በድንጋዩ ውስጥ ያለው ጨው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሲወጣም ቀለሙን ገፍቶ ይዞት ይወድቃል። ሰው ነው የሚያርሰው፤ ማን ነው፣ ቆሟል ወይስ አልቆመም፣ ብሎ ጠይቆ ሄደ።

ወንበሯ ላይ ገና ከመቀመጧ በኮምፔንሳቶው በኩል የኃላፊው የስልክ ድምፅ መጣ።

«አዎ፣ ጥፋቱ የቆመ ነው። … አይ አይ፣ አሁን ማንም ውሃ አያስነካውም። ያራሰው ተመራማሪው ነው፣ ሥዕሎቹን ሲገለብጥ። … ልናነጋግረው አንችልም። አርፏል። … አመሰግናለሁ፣ እግዜር ያጽናን።»

እርሳሶቹ ተንቀጠቀጡ። ጥቂት ቆይቶ ኃላፊው በሩን በጣቱ መታ። የባሏ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው፤ በቀብሩ ዕለት ከዘመዶቹ ሁሉ በላይ ያለቀሰ ሰው። ክፉ ወሬ ሲይዝ ሰው ሻይ መጠጣት አለመጠጣቱን ይጠይቃል።

«እህት ዓለም፣ ሻይ ጠጣሽ?»

«ጠጥቻለሁ።»

ፍላሽ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። «ዘገባው ነው። እስከ አሥር ሰዓት ነው ጊዜ የሰጡን። ቋንቋውን ብቻ እይልኝ። አንቺ ካላየሽው ጽሑፍ አይመስለኝም።» ከዚያ ስለ ሊፍቱ አንድ ነገር ተናግሮ ወጣ።

ምዕራፍ ሁለት ባሏን ከነሙሉ ስሙና ማዕረጉ ያመሰግናል። «ዕድሜያቸውን ሙሉ ለዚህ ቅርስ የሰጡ» ይላል። ምዕራፍ አምስት ላይ ያው ስም እንደገና አለ። «ሥዕሎቹን በሚገለብጥበት ወቅት ግድግዳውን በተደጋጋሚ በውሃ ያርስ የነበረ ሲሆን፣ ለታየው ጉዳት ዋነኛ መንስኤ ይኸው እንደሆነ ታምኖበታል።» ምዕራፍ ሁለት ላይ አንቱ የተባለው ሰው ምዕራፍ አምስት ሲደርስ ማዕረጉ ወድቆበታል። ሁለቴ አነበበችው። ከልማድ የተነሳ ጣቷ ለማስተካከል ወደ ፊደሎቹ ሄደ፤ መለሰችው። ተነስታ ሳታንኳኳ ገባች።

«እሱ ውሃ አስነክቶት አያውቅም። ተማሪዎቹን ትንፋሻችሁን መልሱ ነበር የሚላቸው። ሲገለብጥ በደረቅ ላስቲክ ነበር፣ ያንንም ሳያስነካ። አንተም አብረኸው ቆመህ አይተሃል።»

«አይቻለሁ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ።»

«እያደረገህ እኮ ነው።»

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ስሚኝ። እነሱ የሚፈልጉት ጥፋተኛ አይደለም፣ የቆመ ጥፋት ነው። አልቆመም ካልኩ በሩ ነገ ይዘጋል፣ ማዕከሉ እንደ ተጀመረ ይቀራል፣ ያ ሁሉ አስጎብኚ፣ ካናቴራ ሻጭ፣ ታክሲ ነጂ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ቆሟል ካልኩ ደግሞ ማን ነበር፣ እንዴት ቆመ ይላሉ። የሞተ ሰው ጥፋት የቆመ ነው፤ ማንም አይከራከርም። እሱን ደግሞ ምንም አይጎዳውም።»

ወደ በሩ ዞረች።

«ሌላ ማብራሪያ ካለሽ እስከ አሥር ሰዓት አምጪው» አለ። «እኔም ደስ ይለኛል።» ይህን ሲል ከሚገባው በላይ ረዘም አድርጎ አያት፣ ከዚያ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ።

ቦርሳዋን ይዛ ወረደች። ባሏ ከሞተ በኋላ ወደ ገደሉ ወጥታ አታውቅም። ታክሲው መጨረሻ ላይ ሲያወርዳት ቦታውን ያወቀችው በገደሉ ብቻ ነበር። ድሮ ጎሚስታ ቤትና የድንጋይ ከሰል መሸጫ የነበረበት መንገድ ግራና ቀኝ ላም ብቻ ሆኗል። የጂብሰም ላም፣ የቁልፍ መያዣ ላም፣ ካናቴራ ላይ የታተመች ላም፣ «ጥንታዊቷ ላም» የሚባል ባለ አራት ፎቅ ሆቴል። ትንሿን የጂብሰም ላም ዋጋ ጠየቀች፤ ሻጩ ፊቷን አይቶ ለአገር ሰው ግማሽ ነው አላት። ግማሹም የአንድ ሳምንት ዳቦ ነበር። የማዕከሉ ሕንፃ ቀለም እየተቀባ ነው፤ በሩ ላይ ፊደል የሚሰቀልበት ጣውላ ባዶውን ተመትቷል።

የትኬት መሸጫዋ ውስጥ የተቀመጠችውን ሴት ሁሉም «ዝርዝር የለም» ነው የሚላት፣ መልስ ስለማትሰጥ። አንገቷን በመስኮቱ አወጣች።

«እሰይ! የዓይን ረሃብ! የት ጠፋሽ አንቺ? ከስተሻል ደግሞ።»

«አለሁ። ትኬት ስጪኝ።»

«አንቺ ትኬት ብትቆርጪ ድንጋዩ ይታዘበኛል። ግቢ፣ ግቢ!» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዘላቂ ዘላቂ ይሉናል፤ እዚህ ግቢ ዘላቂ ይህ የተሰበረ ወንበሬ ብቻ ነው። መለከትን ፈልገሽ ነው? ላይ ነው፣ ቡድን ይዟል። ዛሬ ገበያው ደርቷል።»

አሥር ሰው ብቻ የሚለው ሰሌዳ አለ። ከሰሌዳው ባሻገር መተላለፊያው ላይ ያለው ሕዝብ ግን ሠርግ ቤት ነው የሚመስለው። ጣውላው ከክብደት ብዛት መሀሉ ጎብጧል፤ ሰውን ከግድግዳው የሚከልለው ገመድ ረግቧል፣ አንድ ሰው ጃኬቱን ሰቅሎበታል። ከኋላ፣ ከአንዲት ግዙፍ ባርኔጣ ካደረገች ሴት ጀርባ ቆመች። የዋርሳዋ ድምፅ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየነጠረ ይመጣል።

«እነዚህ ላሞች ከታለቡ ሺህ ዓመታት አልፏቸዋል፤ ስንቱን ቤት ግን ዛሬም ያጠባሉ!»

ሰው ሳቀ። ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ እሷም በሌላ ቀን ብትሰማው ትስቅ ነበር። ከፊት የቆመ ባለ ካሜራ ሰውዬ ግን ግንባሩን ቋጥሯል።

«ምንም አይታይም እኮ። ፖስታ ካርዱ ላይ ደማቅ ቀይ ነው።»

«ተኝተው ነው ጌታዬ» አለ መለከት። «ላንቃቸው?»

ከጃኬቱ ውስጥ አረንጓዴውን መርጫ አወጣ። ገመዱን ተሻግሮ፣ እንደ ፀጉር አስተካካይ ራቅ ቀረብ እያለ፣ በስልት ረጨው። ግድግዳው ጠቆረ። ከጥቁረቱ ውስጥ ላሞቹ ወጡ፣ አንድ በአንድ፣ ቀንዳቸው፣ ግታቸው፣ ወደ እናቷ የዞረችው ጥጃ ሳትቀር፣ ልክ ዛሬ የተሣሉ ይመስል ቀይ ሆነው። «ዋው!» አለ ሰው ሁሉ ባንዴ። እሷም ለቅጽበት ደስ አላት። ደስ ማለቷን ያወቀችው ደስታው ካለፈ በኋላ ነው። ካሜራዎቹ ተንጫጩ፣ ሰዎች ጀርባቸውን ለላሞቹ እየሰጡ ራሳቸውን አነሱ፣ ውሃው እየደረቀ ሄደ፣ ነጩ ነገር ከዳር ጀምሮ ተመለሰ። ጥጃዋ ቀድማ ጠፋች። ባለ ካሜራው ሰውዬ ሲወጣ የጨበጠውን እጁን በመለከት እጅ ውስጥ ፈታ፤ መለከትም ሳያየው ኪሱ ከተተው። ያን ጊዜ ነው ከባርኔጣዋ ኋላ ያያት።

ሕዝቡ ወጥቶ አለቀ። ከግድግዳው ሥር፣ ጣውላው ጠርዝ ላይ፣ እንደ በርበሬ የደቀቀ ቀይ ብናኝ ነበር። ጎንበስ ብላ አየችው፣ አልነካችውም።

«ምነው እትዬ፣ በደኅና?»

«መርጫዬን ፍለጋ መጣሁ።»

ሊስቅ አፉን ከፍቶ መለሰው። መርጫውን አቀበላት፤ አልተቀበለችውም። ጎብኚዎች የሚያርፉበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፣ እሷ ቆመች።

«ሁሉም ያነቃል» አለ። «እኔ ባላነቃ ቀጥሎ የሚገባው ያነቃል። ያላነቃ ሰው የፀሐይ ቃጠሎውን ብቻ ይዞ ነው ቤቱ የሚገባው። ፖስታ ካርዱንም ያነሱት አንቅተው ነው፣ የናንተው መሥሪያ ቤት።»

«ዘገባው ላይ፣ ያራሰው ወንድምህ ነው ተብሎ ተጽፏል።»

የመለከት ድምፅ እንዲህ ዝቅ ብሎ ሰምታው አታውቅም። «ማን ነው ያለው?»

«ኃላፊው። በስሙ ነው የተጻፈው። አሥር ሰዓት ላይ ይላካል።»

ጫማውን አየ። ጠዋት የቦረሸው ጫማ ላይ ውሃ ተንጠባጥቦበት አቧራ ይዟል። «እና ምን ልትያቸው ነው?»

«ያየሁትን።»

«በይ። መብትሽ ነው። ስሜን ጻፊው፣ አልቀየምሽም። ፈቃዴን ይነጥቁኛል፣ ቅርስ አበላሸ ብለውም ይከሱኛል። ሌሎቹ አላየንም ይላሉ፤ እጅ ከፍንጅ የተያዝኩት እኔ ነኛ። እማማ ስትጠይቅሽ ግን አንቺው ንገሪያት። ያቺ ሴትዮ የማዕከሉ ፊደል ሲሰቀል ወስደህ በእጄ ታስዳስሰኛለህ እያለች ነው። ‹ባላየው እንኳ የልጄን ስም ልዳብሰው› ትላለች።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታነቃው?»

መለሰላት፣ ግን ወደ እሷ ሳያይ ነው። «የወንድሜ ኦክስጅን የተጀመረ ጊዜ።»

ከገደሉ አናት ላይ ርግቦች ተነሱ፣ መልሰው ሰፈሩ።

«ሐኪም ቤቱ ወደ ቤት ውሰዱት ሲለን፣ ደመወዝሽ ስንት ሲሊንደር ይሞላ ነበር? መድኃኒቱስ ከየት የሚመጣ መስሎሽ ነበር?»

ማኅበሩ ነው የረዳን ብሏት ነበር። የአስጎብኚዎቹ ማኅበር። አምናው ነበር። እንዲያውም ለማኅበሩ የምስጋና ደብዳቤ ጽፋ ነበር፣ በተጣራ አማርኛ፣ አንድ ገጽ ተኩል። ስብሰባ ላይ ተነበበ ብለው ነገሯት። ሲነበብ እነዚያ ሰዎች ፊታቸውን እንዴት አድርገው ተቀምጠው እንደሰሙት አሁን ገና አሰበችው።

«እሱ ያውቅ ነበር?»

«እትዬ፣ ተይው።»

«ያውቅ ነበር ወይ?»

«አንድ ቀን ሲሊንደሩን ስቀይር እጄን አየው። ጥፍሬ ሥር ቀዩ ገብቶ ነበር። ከሌላ ሰው ብደብቅ ከሱ ልደብቅ ነው? ዕድሜውን ሙሉ ያየው ቀለም ነው። ‹ረጥቧል?› አለኝ። አዎ አልኩት። ለምን እንደሆነም ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«ምንም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።» ቀጥሎ ጨመረ፤ «የኦክስጅን ጭምብሉን ግን አላወለቀም።»

በመጨረሻዎቹ ወራት ባሏ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛ ነበር። ያ ጎኑ ስለሚያመው መስሏት ትራሱን በዚያ በኩል ታስተካክልለት ነበር። አግዳሚው ላይ፣ ከዋርሳዋ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ሌላ ቡድን ሽቅብ እየመጣ ነው፤ የሌላ አስጎብኚ ድምፅ ላሞቹን አስቀድሞ እያመሰገነ ይሰማል። መለከት መርጫውን ጃኬቱ ውስጥ ከተተ፣ አወጣው፣ የት እንደሚያደርገው የጠፋው ሰው ይመስል እንደገና ከተተው። «ሻይ ልግዛልሽ?» አላት። አይሆንም አለችው። ስትሄድ ተነስቶ ቆመ፣ ግን አልሸኛትም።

ታክሲ ውስጥ ነጂውና ረዳቱ ስለ ነዳጅ ዋጋ ተጨቃጨቁ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ገባበት፣ እሷንም አንዲት ሴት «አይደለም እንዴ እህቴ?» አለቻት፤ «ነው» አለች ምን እንደተባለ ሳትሰማ። መሥሪያ ቤቷ ስትደርስ ከምድር ቤቱ የንጣፍ መሸጫ አንድ ባልና ሚስት የመታጠቢያ ሳህን ተሸክመው እየወጡ ነበር። እስኪያልፉ ጎኗን አዙራ ጠበቀቻቸው። ሦስቱን ፎቅ ወጣች፣ ኃላፊው ክፍል ውስጥ ገብታ ቆመች።

«አገኘሽ?» አላት።

«አላገኘሁም።»

ትንፋሹን አወጣ። ደስ ያለውም ያዘነም ይመስል ነበር። ተቀመጪ አላት፣ አልተቀመጠችም።

«ስሙን አውጣው» አለች።

«ከምዕራፍ አምስት?»

«አዎ። ‹አንድ ተመራማሪ› ይባል።»

«አስቤበት ነበር፣ ሙች ስልሽ፣ ሌሊቱን ሙሉ። ግን ምዕራፍ ሁለት ላይ እሱን ብቻ እያመሰገንን አምስት ላይ ‹አንድ ተመራማሪ› ብንል ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። እዚያ ገደል ላይ ሌላ ማን ተመራመረ? ከወጣ ከሁሉም ቦታ ነው የሚወጣው። ከዘገባው፣ ከመግለጫው፣ ከማዕከሉም በር። ወይ ሁለቱም ይኑር ወይ ሁለቱም ይቅር። አንቺ ነሽ የምትወስኚው። እኔ በዚህ ላይ አፌን አልከፍትም።»

በመስኮቱ ፀሐይ ገብቶ የጠረጴዛውን መስተዋት ከሁለት ከፍሎታል። ዘገባው እንዳለ ከሄደ፣ ስሙ በየአገሩ ባሉ የሙያ አጋሮቹ እጅ ይገባል፤ ቅርሱን ያበላሸ ሰው ተብሎ፣ ለሁልጊዜ። መለከትን አሳልፋ ከሰጠች የባሏ ስም ንጹሕ ይሆናል፤ የባሏ እናት ግን ቤት አልባ ይሆናሉ፣ ያም ከሆነ በኋላ ፍርድ ቤት ቆሞ ገንዘቡ ለምን እንደዋለ የሚጠየቅ ሰው ይኖራል፣ መልሱም ይጻፋል፤ ለባሏ ኦክስጅን ተብሎ።

«ነገስ?» አለች። «ነገ ማን ያስቆማቸዋል?»

«ዘገባው ቆሟል ይላል» አለ ኃላፊው።

ወደ ክፍሏ ተመልሳ ከምዕራፍ ሁለት ጀመረች። ሥራዋ ነው፣ ታውቅበታለች። «ዶክተር እገሌ ባደረጉት ጥናት» የሚለውን «በተደረገው ጥናት» አለችው። «መተላለፊያውን ያዘረጉት» የሚለው «መተላለፊያው የተዘረጋው» ሆነ። ባሏ በሊቅ ወንበር ላይ ሳይሆን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የተነሳው ፎቶ ነበር፤ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አጠፋች፣ ቀጥሎ ፎቶውንም፣ ምክንያቱም ስም የሌለው ሰው ፎቶ ውስጥ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ አይጠፋም። የጎብኚዎቹን መግለጫ በሦስቱም ቋንቋ ከፈተች፣ ከሦስቱም አወጣች። ዓረፍተ ነገሮቹ ምንም አልሆኑም። እንዲያውም አንዳንዶቹ አጠሩ፣ አማረባቸው። ምዕራፍ አምስትን መጨረሻ ላይ ሠራችው፤ «አንድ የቀድሞ ተመራማሪ» ብላ ጻፈች፣ የግሡን ማዕረግ ወደ አንቱ መለሰችው፣ ማንም ባይጠይቃትም።

ቀጥሎ የማዕከሉን በር ስም ወደሚሠራው ፊደል ቆራጭ ደወለች። የብረት መጋዝ ድምፅ አለ፤ ሰውዬው እየጮኸ ነው የሚያወራው።

«ይቅር ነው የምትይኝ? ቆርጬ ጨርሻቸዋለሁ እኮ እመቤቴ! ዛሬ ቀለም ልቀባቸው ነው! ቀብዱን አልመልስም ይኸውልሽ።»

«ቀብዱን አንጠይቅህም። በሩ ላይ ‹የጎብኚዎች ማዕከል› ብቻ ነው የሚለው።»

«ታዲያ እነዚህን ምን ላድርጋቸው? ስም እኮ ነው፣ ለሌላ ሰው አይሸጥም።»

መጋዙ ቆመ። ሰውዬው መልሷን እየጠበቀ ነው።

«ፈታተህ ለሌላ ስም የሚሆኑህን ተጠቀምባቸው» አለችው።

«ይሁን እንግዲህ» አለ። «ደግነቱ ፊደሎቹ ተፈላጊ ናቸው።»

ዘገባው ከአሥር ሰዓት በፊት ተላከ። ኃላፊው በኮምፔንሳቶው ማዶ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ፤ መልስ አልጠበቀም። እሷ ሰዓቱ እስኪደርስ ተቀምጣ የሌላ ወረዳ ፍል ውሃ መግለጫ አቃናች።

ቤት ስትገባ ዋርሳዋ ቀድሟት ገብቷል። ሾርባ ሠርቶ ነበር፣ ጨው አብዝቶበት። ሦስቱ በሉ። አማቷ ስለ ዳቦ ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት ልጅ ፈተና፣ ነገ ውሃ ስለማይመጣ ጀሪካኑን ቆጥቦ ስለመጠቀም ብቻቸውን አወሩ። «ምነው ሁለታችሁ፣ ምላሳችሁን ለኪራይ ሰጣችሁት?» አሉ በመሀል። ዋርሳዋ ወደ እሷ አየ። በቀስታ ራሷን ነቀነቀችለት፤ አልጻፍኩህም ማለቷ ነበር። እንደዚያ ብሎ ተረዳው፣ ትከሻው ሲወርድ አየች። የቀረውን አልነገረችውም። ተነስቶ ሳህኖቹን ሰበሰበ፣ ዕቃ አጥቦ የማያውቅ ሰው፣ ባልዲው ላይ ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አጠበ።

ገደሉ አሁን የእንጨት መተላለፊያ አለው፣ ገመድ አለው፣ አሥር ሰው ብቻ የሚል ሰሌዳ አለው፣ በሦስት ቋንቋ የተጻፈ መግለጫና አዲስ ማዕከል አለው። ላሞቹን ማን እንደመዘገባቸው፣ መተላለፊያውን ማን እንዳዘረጋው፣ አሥር ሰው ብቻ ይግባ ያለው ማን እንደሆነ በአንዱም ላይ አልተጻፈም። የባሏ ስም የለም።